የእናቴ ቁና በደሃና አውድማ ላይ

የደሴ ሰው ወደ ዋግ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ የለውም። ማር ነጋዴው እስከ ሰቆጣ ደርሶ ይመለሳል፤ ስለ አገሩ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ስለ መንገዱ ክፋት ብቻ ነው። እኔ ማር ልጭን አልሄድሁም። አንድ ባዶ ቁና ላደርስ ነው የሄድሁት። በታኅሣሥ ወር በአሥራ አምስት ቀን ያየሁትን፣ የበላሁትንና ያደርሁበትን ቤት እንደ አመጣጡ ጽፌዋለሁ። መሄድ የማይችል ሰው ቁጭ ብሎ ይሂድበት።

መጀመሪያ ግን ስለ ቁናው። እናቴ የዋግ፣ የደሃና ልጅ ናት። ቁናውን በስንደዶና በአክርማ የሰፋችው እዚያው፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። አባቴ ሲሞት መሬቱን ዘመድ የእኩል ያርስላት ጀመር፤ እህሉ ተወቅቶ ሲሰፈር ግማሹ ለእርሷ፣ ግማሹ ለአራሹ። ነገር ግን በዚያ አገር ሴት አውድማ አትገባም። ከገባች በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ እናቴ የገዛ እህሏ በገዛ ቁናዋ ሲሰፈር አርባ ርምጃ ርቃ፣ ቁልቋል ሥር ቆማ ነበር የምትጠብቀው። አታይም፤ ትሰማለች። ለአራሹ ሲሰፈር ቁናው እንደተቆለለ ይገለበጣል፣ ድምፅ የለውም። ለእርሷ ሲሰፈር ግን ሰፋሪው አናቱን በመዳፉ ይጠርገዋል፤ «ሿ» ይላል። እናቴ ሦስት መኸር «ሿ» ስትሰማ ቆየች። በአራተኛው እኔን አዝላ፣ ቁናውን ራሷ ላይ ደፍታ ደሴ ገባች።

ታናሽ እህቷ ካሳነሽ እዚያው ቀረች። ከአብዮቱ ወዲህ ስለ እርሷ የሚመጣው ወሬ እየበዛ ሄደ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነች። አውድማ ገባች። ታሰረች። ተፈታች። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ አንድ የሰቆጣ ነጋዴ በቃል መልእክት አመጣልን፤ «ካሳነሽ ቁናውን ላኩልኝ ብላለች፤ ዘንድሮ እፈልገዋለሁ አለች»። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። እኔ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ቤት እሰፋለሁ፤ ፊደል የቆጠርሁት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ በዚያው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ከሐይቅ አልፌ ሳላውቅ ስለ ሩቅ አገር ስንት ገጠምሁ። ጌታዬ ሁለት ሳምንት ፈቀደልኝ፤ ቀበሌውም «ዘመድ ለመጠየቅ» የሚል የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ላይ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥሁ። ሾፌሩ ጋሽ ተካ በመስተዋቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋው።

«ልጄ፣ ያ ነገር ባዶ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ባዶ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ባዶ ዕቃ ከጀርባዬ አድርጌ የውጫሌን ቁልቁለት አልወርድም። ወይ እሱ ይውረድ፣ ወይ አንቺ።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። ግማሹ የሾፌሩን ፍርሃት ደገፈ። እኔ ልወርድ ስነሳ ጋሽ ተካ ከኪሱ የሚቆረጥመውን የሽምብራ ቆሎ አንድ እፍኝ አውጥቶ ቁናው ውስጥ ጣለው። «በይ፣ አሁን ባዶ አይደለም» አለና ሞተሩን አስነሳ። የውጫሌን ቁልቁለት በሰላም ወረድን። የዚያ ሽምብራ ነገር ግን በዚያው አላበቃም። ወልድያ ያደርሁባት የአልጋ ቤት ባለቤት ቁናው ውስጥ ሽምብራ ብቻ ብታይ አዘነች፤ «የማን ቤት መሳቂያ ለመሆን ነው በአንድ እፍኝ የምትሄጂው» ብላ ከጤፏ ጨመረችልኝ። አልጋው ቁንጫ ነበረበት። እንኳን ጤፉ ተጨመረልኝ፤ እንቅልፉ ስላልመጣ ሌሊቱን ጤፉን ከሽምብራው ስለይ አነጋሁት፤ ከዚያ መልሼ ደባለቅሁት።

ማክሰኞ

ቆቦ ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራን ቀና ብለን እናያለን፤ ቆቦ ላይ ቀና የሚባልለት ማሽላ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት አንድ የማሽላ ራስ ፈልፍላ ቁናዬ ውስጥ ጨመረች። አልጠየቅኋትም፣ አልጠየቀችኝም። ከአላማጣ በኋላ መኪናው የግራካሱን ጠመዝማዛ ሲወጣ የኋላው ወንበር ሰው ሁሉ አስታወከ። ኮረም ስንደርስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደሴ ይበርዳል ብዬ በግጥም ያማረርሁበት ሁሉ አሳፈረኝ።

ኬላው ላይ ወረቀቴን ያየ ጠባቂ ቁናውን በጥርጣሬ ተመለከተው።

«ምንድን ነው በውስጡ?»

«እህል ነው።»

«የምን እህል?»

«የተቀላቀለ» አልሁት።

በእህሉ ሥር የተከለከለ ወረቀት የደበቅሁ መሰለው። ሳንጃውን በቁናው አናት ሰካው፤ በሥሩ ወጣ። እህሉ መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጠባቂው የሚፈሰውን አየ፤ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ተንበርክኮ ይለቅም ጀመር። «የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እህል አይረገጥም።» ሁለታችንም ለቅመን ስንጨርስ ነጠላዬን ቀድጄ ቀዳዳውን ወተፍሁት። ይቅርታ አላለኝም፤ ወረቀቴን ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ መለሰልኝ።

ረቡዕ

የሰቆጣ የጭነት መኪና እስኪሞላ ኮረም ዋልሁ። ያሳደረችኝ ሴት «ሓፍተይ» እያለች፣ እኅቴ ማለቷ ነው፣ ትንሽ ትግርኛ ትንሽ አማርኛ እየቀላቀለች ገብስ ቆላችልኝ። ከቆሎው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለቁናው ሰጠች። ቁናው እንደ ሁለተኛ እንግዳ ሆኖ ነበር። ሌላ የምጽፈው የለም፤ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጠበቅሁ።

ሐሙስ

በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወጣን። መንገድ የሚሉት ነገር ከዳር ካለው ድንጋይ ትንሽ ያነሰ ድንጋይ ነው። ጥራሪ ወንዝ ስንደርስ ውኃው ጉልበት አይሞላም፣ አሸዋው ግን የመኪናውን የኋላ ጎማ ዋጠው። ረዳቱ «ወንዶች ውረዱ፣ ሴቶች ቁጭ በሉ» ብሎ ጮኸ። እኔ ወረድሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ አልሁ።»

«እኔም ክብደት አለኝ» አልሁት። «እዚያ ላይ ተቀምጬ ጭነት ከምሆን እዚህ ብገፋ አይሻልም?»

«የማን ልጅ ናት ይቺ?»

«የካሳነሽ የእኅት ልጅ ነኝ። የደሃናዋ።»

ከወንዶቹ አንዱ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ የታጠቀ ሽማግሌ፣ ሳቀ። «ተዋት» አለው ረዳቱን። «ከዚያ ቤት የወጣች ሴት ቁጭ በይ ቢሏት የምትቆም ናት።» ሁሉም ሳቁ፤ ቦታም ለቀቁልኝ። ያን ቀን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ወንዝ ውስጥ የዘመዴ ስም እንደ ይለፍ ወረቀት ሆነኝ። መኪናውን ገፋነው፣ ወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰቆጣ ገባን። የድንጋይ ቤቶቿ ከኮረብታው ጋር አንድ ቀለም ናቸው፤ ጭስ ባይወጣባቸው ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ዓርብ

መልእክቱን ያመጣልን ነጋዴ ሚስት እትዬ ዘይነባ ትባላለች። ሱቃቸው ከገበያው አፋፍ ላይ ነው። እርሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ወሩም ጾም ነው። ማታውን ለእኔ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት አውጥታ ሽሮ ሠራችልኝ። «ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ነው፣ አትፍሪ» አለች። ደሴም እንዲሁ ነው የምንኖረው፤ ድስቱን ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ካሳነሽ የኖረችውን ኑሮ የነገረችኝ እርሷ ናት።

«በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዳሯት። በሦስተኛው ወር ከባሏ ቤት ጠፍታ እዚህ መጣች። እዚያ ጥግ፣ ከጨው ጆንያው ኋላ ተኛች። ሁለት ዓመት ውኃ ቀዳችልኝ። አንድ ቀን የባሏ ዘመዶች ሊወስዷት መጡ። 'ልጅቷ የኔ ናት' አልኋቸው፤ ዋሸሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እርሷ ግን ከጆንያው ኋላ ወጥታ 'የማንም አይደለሁም፤ እግሬን አይታችኋል፣ እመጣለሁ፣ እሄዳለሁ' አለቻቸው። አፋቸውን ይዘው ተመለሱ።»

«ፊደልስ ማን አስተማራት?»

«ዘማች ተማሪዎቹ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እነርሱን ማረም ጀመረች።» እትዬ ዘይነባ ሻዩን ቀዳችና ቀጠለች። «መሬት ለአራሹ ሲሉ በሰፊው ስብሰባ መሐል ተነስታ 'አራሹ ወንድ ብቻ ነው ወይ? ባል የሞተባትስ?' አለች። ከዘማቾቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ፣ 'ወደ አዲስ አበባ ጽፌ እጠይቃለሁ' አላት። እስከ ዛሬ መልሱ አልመጣም። እርሷ ግን አልጠበቀችም።»

ባልጠበቀችው ጊዜ ያደረገችውንም ነገረችኝ። ከየመንደሩ ሴቶችን ሰበሰበች። የአሥር ዓመት ልጅ ሊድሩ ከነበሩበት ቤት ድንኳኑ ሳይተከል ደርሳ ከአባትየው ጋር ቀን ሙሉ ተቀምጣ፣ ሳትሳደብ፣ ሳትነሳም፣ ሠርጉን አስቀረች። ከወረዳ የመጣ አንድ ሹም «የሴቶች ማኅበር ሥራው የእጅ ሥራ ማሳየት ነው» ቢላት እጇን ዘርግታ «ይኸው የእጄ ሥራ» ብላ ከወፍጮ የጠነከረ መዳፏን አሳየችው። ባለፈው መኸር ብቻዋን አውድማ ገባች፤ የመንደሩ ገበሬ ማኅበር ሦስት ቀን አሰራት።

ይህን ስትነግረኝ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት አህያ እየነዳች ከበሩ ደረሰች። አህያዋ ላይ አንድ ትልቅ የጠላ ጋን ታስሯል። ልትሸጠው ነው። ትብለጽ ትባላለች፤ ከአክስቴ መንደር ናት። ባሏ ዓምና ሞቷል። መሬቷን የባሏ ወንድም ሲሳይ የእኩል ያርሰዋል፤ ሰኞ ምርቱ ሊሰፈር ነው። ዓምና የሰፈሩላት እህል እስከ መጋቢት አላደረሳትም። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ ወደ ኮረም ወርዳ ሰው ቤት ልትቀጠር ወስናለች።

እትዬ ዘይነባ ጋኑን በጣቷ አንኳኳችው። «ጋን የምትሸጥ ሴት ቤቷን ሸጣለች» አለች። «አልገዛውም። ይልቅ እዚህ አስቀምጪው። ሰኞ ከተሰፈረ በኋላ ከሄድሽ ገበያ አወጣልሻለሁ። ከቀረሽ ሰው ልከሽ ውሰጂው።»

ትብለጽ አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ እሄዳለሁ እኮ። ነገሩ የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ከሆነ ሦስት ቀን መጠበቅ ምን ይጎዳሻል?»

ጋኑ ከጨው ጆንያው ኋላ፣ አክስቴ ከተኛችበት ጥግ ተቀመጠ።

ቅዳሜና እሑድ

ከትብለጽ ጋር በእግር ተነሳን። መጀመሪያ ዝም አለችኝ፤ የከተማ ሰው መሆኔን ከጫማዬ አይታለች። ለመንገዱ የገዛሁት ኮንጎ ጫማ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቴ አዳልጦኝ ስወድቅ ግን ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ አወራች። ከእናቷ ጋር አገውኛ፣ ከካህኑ ጋር አማርኛ፣ ከኮረም ነጋዴ ጋር ትግርኛ ትናገራለች። እኔ አንድ ቋንቋ ይዤ ገጣሚ ነኝ እላለሁ።

ቀትር ላይ አረፍን። ቁናዬን አንስታ እህሉን ነጠላዋ ላይ አፈሰሰችና አገላበጠችው። የወተፍሁትን ጨርቅ ነቀለችና «ይህ ስፌት በጨርቅ አይጠገንም» አለች። ከመንገዱ ዳር ስንደዶ ለቀመች፤ ከመቀነቷ ወስፌ አወጣች። እየሰፋች ጠየቀችኝ፤

«ካሳነሽ በዚህ ምን ታደርጋለች?»

«አላውቅም። ላኩልኝ ብቻ ነው ያለችው።»

«እኔ መሄዴን ልነግራት አልፈለግሁም ነበር። ነገርኋት። 'ሰኞ ድረሽ' ብቻ አለች።» የስንደዶውን ጫፍ በጥርሷ በጠሰች። «አየሽ፣ መሄድ አልፈልግም። የባሌ መቃብር እዚያ ነው። አረሙን ያረምሁት እኔ ነኝ፤ ዘሩን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ግን እህሌን ሳላየው እንዴት የኔ ነው እላለሁ?»

ጥገናው ከድሮው ስፌት ይልቅ ነጣ ብሎ ታየ። እኔ የእናቴን ቁልቋል እያሰብሁ፣ በሰቆጣ ከሱቁ ባነሳሁት ባዶ የሲጋራ ካርቶን ላይ ሁለት ስንኝ ጻፍሁና አነበብሁላት፤

ቁናውን ሰፍታለት ስንደዶውን ለቅማ፣
ሲሰፍር ትሰማለች ከቁልቋል ሥር ቆማ።

«እውነት ነው» አለች። «ግን ያሳዝናል። የሚያስደስት የለሽም?»

የለኝም ነበር።

ማታ አንድ ቤት የመሸበት እንግዳ ብለን አደርን። ባለቤቶቹ የነበራቸውን የገብስ ቂጣ ቆርሰው፣ እነርሱ እሳት ዳር፣ እኛን መደቡ ላይ አስተኙን። እሑድ ከቅዳሴ በፊት መንገድ መጀመር ነውር ነው ብለው አልለቀቁንም፤ ስንነሳ ግን አንድ እፍኝ ምስር ቁናው ላይ ጨመሩ። አመሻሹ ላይ መንደሩ ደረስን።

አክስቴን ረጅም አድርጌ ነበር የሳልኋት። አጭር ናት። ከደጇ የገብስ ገለባ ተሸክማ ስትገባ አገኘኋት፤ ገለባው ነበር የሚራመድ የሚመስለው። አወረደችውና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የእኅቴ ጉልበት እንዴት ነው?»

«ያማታል አክስቴ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ፤ ከአውድማ አስወጥተው እህል መጋዘን ውስጥ አሰሩኝ። ከዚያ የበለጠ ሹመት ምን አለ?» ሳቀች። ከዚያ ቁናውን ተቀብላ አፍንጫዋን አስገባችበትና አሸተተችው። ለጥቂት ጊዜ ፊቷን አላየሁትም።

ቁናው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ሽምብራ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ምስር። ታሪካቸውን በየተራ ነገርኋት። ጤፉን ነፍታ ለብቻ አወጣችው፤ የቀረውን አንድ ድስት ውስጥ ከታ ንፍሮ ቀቀለች። «ከደሴ እስከ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ እኔ ቤት እራት ይበላል» አለች።

ሰኞ

ማለዳ ከእራት የተረፈውን ንፍሮ አሥራ አንድ ሴቶች በሉት። ከዚያ አክስቴ ሐሳቧን ነገረችን። እንደ ዓምናው በኃይል አትገባም። ሰፋሪው አባ ወልዱ ይባላሉ፤ የመንደሩን ምርት ከጥንት ጀምሮ የሚሰፍሩ እርሳቸው ናቸው። ይህን ቁና ያውቁታል። በዚህ እንዲሰፍሩና ሴቶቹ ቀርበው እንዲያዩ ትለምናቸዋለች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አንዲት ሴት ከገባች ሁሉንም አስራለሁ ብሏል።

«ስለዚህ ቁናውን አንቺ ውሰጂላቸው» አለችኝ። «እንግዳ አይታሰርም። ጠርዙ ላይ ሆነሽ ስጫቸው።»

ሴቶቹ ቁልቋሉ ሥር ቆሙ። እናቴ የቆመችበት ቁልቋል ነው፤ አሁን ዛፍ ሆኗል። እኔ ቁናውን ይዤ ወረድሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን እጽፋለሁ። አውድማ አይቼ አላውቅም። ጠርዝ ሲሉኝ አጥር ወይም ድንጋይ ያለበት መሰለኝ። አጥር የለውም። በእበት የተለቀለቀ፣ የተጠረገ ክብ መሬት ነው፤ የቤት ደጅ ይመስላል። እያሰብሁ፣ እየፈራሁ፣ ቀጥ ብዬ ሄድሁና ምርቱ ከተከመረበት መሐል ላይ ቆምሁ።

አባ ወልዱ ቀና አሉ። ነጭ ጢማቸው ላይ ገለባ ተጣብቋል። ዓይናቸው ከፊቴ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ።

«ጫማ» አሉ። «ጫማሽን አውልቂ። አውድማ በጫማ ይገባል?»

ድንግጥ ብዬ ኮንጎዬን አወለቅሁና በብብቴ ያዝሁት። ባዶ እግሬን መሐል አውድማው ላይ ቆሜ ቁናውን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። ያን ጊዜ የአክስቴ ድምፅ ከቁልቋሉ መጣ፤ ሳትጮህ፣ ለሰላምታ ያህል።

«አባ ወልዱ፣ እንደምን አደሩ። ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች?»

«አወለቀች።»

«ሌላ የሚቀራት አለ?»

አባ ወልዱ ገለባውን ከጢማቸው ነቀሉ፤ አክስቴ ቀጠለች።

«እኛ እኮ የተከለከለው ሴት መስሎን ነበር። ጫማ ከሆነ የተከለከለው እኛ ዘንድ ጫማ የለም።»

ከወንዶቹ አንዱ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሌላው ግን አልቻለም፤ ሳቀ። ሲሳይ ራሱ የሚያዘራበትን ላይዳ ተደግፎ ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሐል አክስቴ ባዶ እግሯን ወርዳ ገባች። ኋላዋ ትብለጽ። ከዚያ ሁሉም።

ሊቀመንበሩ ተነሳ። «ይህን ለወረዳ አመለክታለሁ።»

«አመልክት» አለችው አክስቴ። «ስሜን ግን አስተካክለህ ጻፍ፤ ባለፈው አንድ ፊደል ገድፈሃል።»

አባ ወልዱ ይህን አልሰሙም። ቁናውን በእጃቸው እያዞሩ ነበር። ጣታቸው የነጣውን ጥገና አልፎ የቆየውን ስፌት ዳሰሰ።

«ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አሉ። «የሰፋችው አለች?»

«አለች አባ» አልሁ። «ደሴ ናት። እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ ሦስት መኸር የመዳፍዎን ድምፅ እዚያ ቁልቋል ሥር ቆማ የሰማችውን እስከ ዛሬ ትናገረዋለች።»

እኔም ይህን ያህል ለመናገር አላሰብሁም ነበር። አባ ወልዱ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

«የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ልጄ። ቁልሉ የበሬውና የላቡ ነው ተብሎ የተሰጠን ነው። እኔ አልፈጠርሁትም።»

«እውነታቸውን ነው፣ ላቡ የኔ ነው» አለ ሲሳይ።

«ልክ ነህ፣ ላብህ አለበት» አለችው አክስቴ። «ዘሩን ማን ሰጠህ?»

«እርሷ።»

«በክረምት አረሙን ወገቡ ጎብጦ ያረመውስ?»

ሲሳይ ትብለጽን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሰፈርለት የኖረውን ነው የተቀበለው። «እርሷ» አለ በመጨረሻ።

«ዓምና ገብቼ ነበር፤ በረከቱ ሸሸ አላችሁ። የዘንድሮ ገብስ እንዲህ ያማረው ከየት ተመልሶ ነው?»

አባ ወልዱ አማተቡና ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ለሲሳይ ሰፈሩ፤ ተቆልሎ ተገለበጠ። ሁለተኛውን ለትብለጽ ሞሉ። እጃቸው እንደ ልማዱ ከፍ አለ። አናቱ ላይ ሲደርስ አየር ላይ ቆመ። አሥራ ሦስት ሴቶችና ያ ሁሉ ወንድ ያን እጅ ተመለከትን። ቀስ ብሎ ወረደና ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ቁናው እንደተቆለለ ተገለበጠ።

ድምፅ አልነበረውም።

እስከ ቀትር ተሰፈረ፤ ሁሉም እንዲያው ነው። ሲያልቅ ትብለጽ ክምሯ ዳር ተቀምጣ ገብሱን በጣቶቿ መሐል ታሳልፈው ነበር። አክስቴ ላብ የወጣ ፊቷን በመቀነቷ ጠረገች። ከዚያ የሚቀጥለው አውድማ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም ባል የሞተባቸው ናቸው። ቁናው እዚያው ቀረ።

መመለስ

ስለ መመለሻው መንገድ ብዙ አልልም፤ ቁልቁለቱ ዳገት ሆኗል፣ ጥራሪ ግን አልያዘንም። ሰቆጣ ስደርስ እትዬ ዘይነባ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ነበር። የተላክሁትን ነገርኋት፤ «ትብለጽ፣ ጋኑን ላኩልኝ ብላለች። ለገና ጠላ መጥመቅ አለብኝ ብላለች።»

እትዬ ዘይነባ ወደ ጓዳ ገባች። ጋኑን ከጥጉ ስታወጣው አቧራው በላዩ ነበር። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ደጋግማ ጠረገችው፤ ከዚያ ወደ ደሃና የሚመለስ አህያ ላይ ገለባ አስደግፋ አስጫነችው። ኮረም ኬላው ላይ ያ ጠባቂ አወቀኝ። ባዶ እጄን አየና «ቁናውስ?» አለኝ። «ሥራ ላይ ነው» አልሁት።

ደሴ የገባሁት ቀትር ላይ ነው። እናቴ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። እግሬን አጥባ፣ ውኃ ሰጥታ፣ ስለ ጉዞው ሁሉ እየሰማች አስጨረሰችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«የት ቆምሽ?»

«መሐሉ ላይ፣ እማዬ።»

«በጫማ?»

«አስወለቁኝ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ነው ለማለት። ከዚያ ጆሮዋን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ፣ «ድምፅስ?» አለች።

«የለም። ምንም አልተሰማም።»

እናቴ ሳቀች። እናቴ ከሳቀች ጎረቤት ይሰማል።